ጀላል ያንኳኳው ግድግዳ

ባለቤቴ ጀላልዲን ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ግድግዳ ማንኳኳት ነው። ሰላምታ ሳይጨርስ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል። አንዴ ጎረቤታችን ልጇ ተመርቃላት ደግሳ ጠራችን። ሰዉ ስጦታውን ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የኔው ሰውዬ ከሶፋው ጀርባ ገብቶ ግድግዳ ያዳምጣል። «ሐኪማ፣ ባልሽ የጠፋበት ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ አሁንም አፍራለሁ።

ሥራው ስለሆነ ነው። አናጢ ነው፤ ኮምቦልቻ ከአባቱ ሱቅ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁምሳጥን ሲሠራ ያደገ። እዚህ አሜሪካ፣ ዋሺንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን የሚታወቀው በትሬይለር ጠጋኝነቱ ነው። ትሬይለር ስል የዕቃ መጫኛውን ማለቴ አይደለም። የአገሩ ሰዎች ከፒካፕ መኪና ኋላ አያይዘው የሚጎትቱት፣ አልጋም ምድጃም ሽንት ቤትም ያለው ቤት አለ አይደል፣ እሱን ነው። በጋ ሲገባ ጎትተውት ተራራ ለተራራ ይዞራሉ፤ ሲመለሱ ጀላልን ኮል ያደርጋሉ። ጣሪያው አፈሰሰ፣ መሳቢያው ወለቀ፣ በሩ አልገጥም አለ። ያረጀ ቢሆን ባልገረመኝ፤ ገና ላስቲኩ ያልተነሳለት አዲስ ነው። ከሮክቪል እስከ አሌክሳንድሪያ ሲባዝን ይውላል።

አዲስ ዕቃ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሲጠይቁት መልሱን ከኢንዲያና ይጀምራል። እኔን ከማግባቱ በፊት፣ አሜሪካ እንደገባ፣ እነዚህኑ ትሬይለሮች የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቷል። የፋብሪካውን ስም እሱም አያነሳው፣ እኔም አላነሳው። ሥራው የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በቁጥር ነበር። የዕለቱ ቁጥር ሲሞላ ቀኑ ያልቃል፤ ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ይሮጣል። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ይጀመራል፣ ለምሳ ቤቱ የማይደርስ የለም። ጀላል ጣሪያ ላይ ነው። ብሎኑን በማሽን ያስገባል፤ ከታች ያለውን እንጨት ካገኘው አገኘው፣ ካላገኘው የሚቀጥለው ትሬይለር መጥቷል። «እንጨት የሳተ ብሎን እጅህ ላይ ይታወቅሃል፣ ባዶ ላይ ይሽከረከራል» ይላል። ሌላው እያወቀ ያልፋል። ይኼ የኔ ጉድ ግን ቆሞ ይነቅለዋል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ጣት አልፎ እንደገና ያስረዋል። ኋላው ያሉት ይቆማሉ፣ ይሳደባሉ። አንድ ቀን አለቃው ጠርቶ «ጥሩ ሠራተኛ ነህ፣ ለዚህ ሥራ ግን አትሆንም» ብሎ አሰናበተው። ጀላል ሰዎቹን አይወቅስም። ሁሉም ልጆች አሏቸው፣ ቶሎ ቤታቸው መግባት ይፈልጋሉ ይላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እነሱ ግን አፍስሰው ሄዱ፣ የሚለቅመው ገዢው ነው።

ከዚያ ተባሮ፣ የመሣሪያ ሣጥኑንና አንድ ሻንጣ ይዞ፣ በአውቶቡስ ዋሺንግተን መጣ። የአንድ የደሴ ሰው ስልክ ቁጥር ይዟል፤ ስልኩ አይነሳም። የሚያደርገው ጠፍቶት አንድ ታክሲ ውስጥ ገባ። የታክሲው ነጂ ጋሼ በፈቃዱ ነበሩ። የንጉሡ ዘመን መንገድ ቀያሽ፤ ደርግ ሲመጣ ሸሽተው ወጥተው ሠላሳ ሁለት ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው። «የት ላድርስህ?» ሲሉት መልስ አጣ። እሳቸውም ቆጣሪውን አጥፍተው አሌክሳንድሪያ ቤታቸው ወሰዱት። ስምንት ወር ሳሎናቸው ውስጥ ተኛ። ባለቤታቸው እትዬ ዓባይነሽ እስላም መሆኑን ሲያውቁ በማግስቱ ሃላል ሥጋ ቤት ፈልገው፣ ለብቻው ድስት ገዝተውለታል። ያ ድስት ዛሬም አለ፤ እኛ ስንሄድ ይወጣል። ይኼን የምነግራችሁ ኋላ ያደረግነውን ስትሰሙ ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

ባለፈው ዓመት ነው። የጋሼ በፈቃዱና የእትዬ ዓባይነሽ አንዲት ልጅ አለች፣ ሰሊና፤ ዴንቨር ነው የምትኖረው። አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፈልጋ ሁለቴ አስወርዷታል። አሁን ሦስተኛው ጸንቶ ኦገስት መጨረሻ ላይ ትወልዳለሽ ተብላለች። እትዬ ዓባይነሽን ግን እግራቸው ላይ ደም ረግቶባቸው ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሏቸዋል። መኪና ውስጥም ብዙ መቀመጥ አይችሉም፤ በየሁለት ሰዓቱ መውረድ፣ መንቀሳቀስ፣ ጋደም ማለት አለባቸው። ጋሼ በፈቃዱ አስበው አስበው ትሬይለር እንግዛ አሉ። አልጋዋን ይዛ ትሂድ፣ እዚያም ደርሰን የሰሊና ደጅ ላይ እናቆመዋለን፣ አራሷን እያየች ትከርማለች። የሚጎትተው ፒካፕ የወንድሜነህ ነው፤ የእትዬ ዓባይነሽ ታናሽ ወንድም፣ ጡረታ የወጣ ሰው። እትዬ በዚያች ቀን እንደ ልጅ ሆኑ። ስልክ ደውለው ሻንጣ ውስጥ የሚከቱትን የገብስ ዱቄት፣ የአራስ ልብስ፣ አንድ በአንድ ሲቆጥሩልኝ አመሹ።

ትሬይለሩን መረጡ፣ ቀብድ ከፈሉ። ጀላል አንድ ነገር ብቻ ለመነ። «ጋሼ፣ የርክክቡ ቀን እኔና እርስዎ ብቻችንን እንሂድ። መሰላሌን ይዤ ሦስት ሰዓት ልመርምረው፤ ከዚያ ይፈርማሉ» አላቸው። ከፈረሙ በኋላ የሚገኝ ጉድለት ወረፋ እንደሚገባ ያውቃል። ጋሼም «አንተ ካየኸውማ ምን እሻለሁ» ብለው ተስማሙ።

ግን እስቲ ከኛ ሰው አዲስ ነገር ብቻውን የሚረከብ ማን አለ? እትዬ ዓባይነሽ ጾምም ፍስክም የማይለይ ድፎ ዳቦ ጋግረዋል። ወንድሜነህ ነጭ በነጭ ለብሷል። የማኅበራቸው ሴቶች አሉ። እኔም ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ ደህና ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ሀይዌይ ዳር ካለው መሸጫ አሥራ ሦስት ሰው ሆነን ስንወርድ ሻጩ ሠርግ የመጣበት መስሎት ግራ ገባው። ጀላል መሰላሉን ሊያወርድ ሲል እትዬ «ኧረ ተወው ልጄ፣ ሸሚዝህ ይቆሽሻል» አሉት። መሰላሉ መኪናው ላይ ቀረ።

ውስጥ ገባ፣ እኔም ተከተልኩት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያደረገ ከጓዳው እስከ አልጋው ሄደ። ከአልጋው ራስጌ፣ ከላይ ጥጉ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። ዱፍ አለ። ደገመው፤ ዱፍ። በእጁ ዳሰሰው። የግድግዳው ሽፋን ጣት ያህል ቦታ ላይ እብጥ ብሏል። ወደኔ ዞሮ አፉን ሲከፍት ውጭ እልልታው ቀለጠ። በመስኮት ሳይ ጋሼ በፈቃዱ እስክሪብቶ ይዘው፣ እትዬ ዓባይነሽ ዳቦውን ታቅፈው «ጀላል የታለ? እሱ ነው መጀመሪያ የሚመርቀው» ይላሉ። ክንዱን ቆነጠጥኩት። አጥብቄ ነው የቆነጠጥኩት። «በዛሬ ቀን እንዳታሟርት» አልኩት። «ብታብጥ ሽፋኗ ናት፣ ኋላ ትጠግናታለህ።» እጁን ከግድግዳው አነሳ። ከዚያ ወረደና እጁን ዘርግቶ «ወጥታችሁ ግቡበት፤ የሰላም፣ የጤና ያድርግላችሁ» አለ። ጋሼ ፈረሙ፣ ዳቦው ተቆረሰ።

ትፈርዱብኝ ይሆናል፤ ፍረዱ። ግን ባደግሁበት አገር አዲስ ቤት የገባን ሰው ጣሪያህ ዘመመ አይሉትም፣ አዲስ የተወለደን ልጅ ከሳ አይሉም። የመጀመሪያው ቀን ቃል ይደርሳል ይባላል። እናቴ ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምም ትል ነበር። እኔ በሁለቱ ያደግሁ ነኝ። እንደዚያ የወደዱንን ሰዎች፣ በደስታቸው ቀን፣ በማኅበርተኛ ፊት አንገት ላስደፋ? አላደረግሁትም። ጀላልን አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጁላይ አጋማሽ ላይ ያ ኃይለኛ ዝናብ መጣ። ጋሼ በፈቃዱ በማግስቱ ጧት ደወሉ። ሲናደዱ እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም። «ጀላል፣ አልጋዋ ላይ ውሃ ተኝቷል» አሉ። ትሬይለሩ ከሚቆምበት ግቢ ሄደው ሲያዩ ፍራሹ ርሷል፣ የራስጌው ግድግዳ በጣት ሲነኩት ይገባል። መሸጫው ጋ ደውለዋል። ዋራንቲ አለዎት፣ በነጻ ይጠገንልዎታል፣ አይስጉ፣ አፖይንትመንት ግን የሚገኘው ኦክቶበር መጨረሻ ነው ተብለዋል። ሰሊና የምትወልደው ኦገስት። እትዬ ዓባይነሽ ስልኩን ተቀበሏቸውና «ያለ እኔ ልትወልድ ነው እንግዲህ» ብለው ዘጉት። እኔ ኩሽና ቆሜ ሰማሁት።

ወንድሜነህ ትሬይለሩን ጎትቶ እኛ ሰፈር አስፐን ሂል አመጣና ቤታችን ደጅ፣ ድራይቭዌዩ ላይ አቆመው። ጀላል በዚያው ቀን ማታ ጥጉን ከፈተው። ቀጭኑ ኮምፔንሳቶ በእጁ ሲይዘው እንደ ራሰ ዳቦ ተቆረሰ። ውስጡ ያለው ተሸካሚ እንጨት ጠቁሯል። ጣሪያው ላይ ወጥቶ የፊተኛውን ጠርዝ ማሰሪያ ሲያነሳ ከአርባ ብሎን አሥራ ሰባቱ እንጨት አላገኙም፤ ባዶ ቦታ ላይ የተተከሉ ናቸው። ውሃው የሚገባው በነሱ ነው። ገና ሳይሸጥ መሸጫው ሜዳ ላይ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ሲጠጣ ከርሟል። ጀላል አሥራ ሰባቱን ብሎኖች ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። እራቱን አልነካም።

«ሐኪማ፣ ነግሬያቸው ነው የምጠግነው» አለኝ።

«ምን ብለህ?»

«አይቼው ነበር ብዬ።»

«አብደሃል» አልኩት። «ጠግነው፣ ይሂዱ፣ ማን ያውቃል? ስምህ ከዚህ ከተማ ይጠፋል። ትሬይለር መርማሪው ጀላል፣ እንደ አባት ላሳደሩት ሰው እንኳ አላየም ይሉሃል።»

«አላየም ቢሉኝ በወደድኩ» አለ። «አይቷል እኮ ነው ነገሩ። ኢንዲያና ውስጥ የአንድ ብሎን ድምፅ ሰምቼ አላልፍ ብዬ ነው እንጀራዬን ያጣሁት። ቤቱ ላስተኛኝ ሰው ሰምቼ አለፍኩ።»

የሚናገረኝ ሳይቆጣ ነው። ቢቆጣ መልስ ነበረኝ፤ አፍ አላጣም እኔ። ቆንጥጠሽኝ ነው አላለም። አንዴም አላለም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጣሳውን ሳይ ራሴን ጠላሁት። «እሑድ አብረን እንሄዳለን፤ የምናገረውም እኔ ነኝ» አልኩት።

እሑድ አሌክሳንድሪያ ገባን። ድስታችን ወጥቶ ጠበቀን፤ ይኼ ደግሞ የባሰ አንጀቴን በላው። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «እትዬ፣ ጋሼ፣ ጀላል የርክክቡ ዕለት ጥጉ መበስበሱን በድምፁ አውቆ ነበር። ሊናገር ሲል ቆንጥጬ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። በዳቦአችሁ ላይ እንዳያሟርት ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።» ጀላል ጣልቃ ገብቶ «አፉ የኔ ነው፣ የኔ ጥፋት ነው» አለ።

ጋሼ በፈቃዱ መነጽራቸውን አውልቀው አበሱት። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሱ ብዬ ደንግጬ ነበር፤ የሚስቁ ናቸው።

«ልጄ» አሉት ጀላልን፣ «ሠላሳ ሁለት ዓመት ታክሲ ብነዳም ዓይኔ የቀያሽ ዓይን ነው። ያ ጥግ ውሃ ልኩን መሳቱን ከበሩ ቆሜ ነው ያየሁት። አንተ ወጥተህ ስትመርቅ፣ ጀላል አይቶ ካለፈው ምንም አይደለም አልኩ። ቀጥዬ ደግሞ፣ ባያየውስ አልኩ። ይኼን ሁሉ ሰው ሰብስቤ፣ ሥራው በሆነ ነገር፣ በሰው ፊት ላሳፍረው ነው? ብዬ ፈረምኩ።»

ዞረን እትዬ ዓባይነሽን አየን። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። «እኔማ ገና በሩ ሲከፈት የራሰ ጆንያ ሸትቶኛል» አሉ። «በገዛ ዳቦዬ ላይ ምን ብዬ ልናገር?»

አራታችንም ሳቅን። ወላሂ እንባችን እስኪወርድ ነው የሳቅነው። አራት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ በጆሮው፣ አንዱ በዓይኑ፣ አንዷ በአፍንጫዋ አውቀው፣ አንዷ ደግሞ ቆንጥጣ፣ ለሰው ስንል የበሰበሰ ግድግዳ ተረክበን መጣን። ሳቁ ሲበርድ ግን የእትዬ እንባ የሳቅ አልነበረም። «ሁለቱ ሲወርዱባት አጠገቧ አልነበርኩም» አሉ። «አንዴ ሥራ ይዞኝ፣ አንዴ እግሬ ይዞኝ። ይኼን ደግሞ በኔው ይሉኝታ፣ በናንተው ይሉኝታ ልነፈግ ነው?»

ከዚያ ጀላልን «ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» አሉት። ሦስት ሳምንት አላቸው። ራሱ ከጠገነው ዋራንቲው እንደሚቀርም ነገራቸው።

«ዋራንቲው ይቅር። ሁለት ሳምንት አድርገው።»

«እትዬ፣ ሁለት ካደረግሁት ፋብሪካው ሆንኩ ማለት ነው።»

እትዬ አዩት። «እሺ፣ ሦስት» አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ ጋሼ በፈቃዱ ከአሌክሳንድሪያ በባቡርና በአውቶቡስ አስፐን ሂል ይመጣሉ። የድሮ ውሃ ልካቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ድራይቭዌዩ ላይ ወንበር አውጥቼላቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው የትሬይለሩን ነውር፣ እንከኑን ማለት ነው፣ ይፈልጋሉ። «ጀላል፣ ያቺ ቋሚ ወደ ግራ ነች።» ጀላል ይነቅላል። «ጀላል፣ አሁንም።» እንደገና ይነቅላል። ሁለቱም ሲጨቃጨቁ ደስ ብሏቸው ይውላሉ። የበሰበሰውን እንጨት በሙሉ አውጥቶ በደህና ጣውላ ተካው፤ ብሎኑን በማሽን ሳይሆን በእጁ ነው ያሰረው። እያንዳንዱ እንጨቱን ሲነክስ ይሰማዋል። እኔ ከሥራ ስመለስ መጋረጃ እሰፋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሰሊና ደወለች። ሐኪሟ ቀድመሽ ልትወልጂ ትችያለሽ ብሏታል። እትዬ ዓባይነሽ በወንድሜነህ መኪና እየበረሩ መጡ፤ ሻንጣቸውን ይዘዋል። «ጀላል፣ የኔ ጥግ አልቋል አይደል? ይበቃኛል፣ ዛሬ ልሂድ» አሉት። የራስጌው ጥግ በእርግጥ አልቆ ነበር፣ ቀለም ሁሉ ተቀብቷል። ለሚያየው ሰው ትሬይለሩ ያለቀ ነው። ወንድሜነህ ፒካፑን ማስጠጋት ጀመረ። ጀላል እኔን አየኝ። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ያዝኳቸው።

«እትዬ» አላቸው፣ «መሄድ ይችላሉ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። ግን እውነቱን ልንገርዎ። የግራውን ጠርዝ ገና አልከፈትኩትም። በፊተኛው ያየሁትን ካየሁ በኋላ ደህና ነው ልልዎ አልችልም። መንገድ ላይ ዝናብ ከያዛችሁ፣ ካንሳስ ሜዳ ላይ ረጥበው ይታመማሉ፣ ሰሊና ጋም አይደርሱም። ስድስት ቀን ስጡኝ።»

እትዬ ሻንጣው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው እንደዚያ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ልጃቸው እየጠራቻቸው ነው፣ ቀን እየሄደ ነው፣ ይኼ ሰው ቆዩ ይላቸዋል። እኔ በውስጤ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ለማን እንደማደርግ እንኳ አላውቅም። በመጨረሻ «ክፈተው» አሉ። «እኔ ፊት ክፈተው።» ከፈተው። ዘጠኝ ብሎን ባዶ ላይ ነበር። እትዬ ዘጠኙን በእጃቸው ተቀብለው አዩዋቸው፤ ለጀላል መለሱለትና ወንድሜነህን «ሻንጣዬን ወደ ሐኪማ ቤት አስገባልኝ፣ እዚሁ ነው የምቆየው» አሉት። ስድስቱንም ቀን እኛ ጋ አደሩ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሁላችንም እንደነግጥ ነበር። የሰሊና ጽንስ ግን ጸና።

ባለቀ ዕለት እትዬ እንደገና ዳቦ ጋገሩ፣ ያው ሰው እንደገና ተጠራ። ጋሼ በፈቃዱ ቢላውን ይዘው ቆሙና «ዛሬ ምርቃት ኋላ ነው» አሉ። «አንድ ነውር ያላገኘልኝ ሰው ዳቦዬን አይቀምስም።» ሰዉ የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። እሳቸው ግን አልቀለዱም። ወንድሜነህ ገብቶ ዞሮ ወጥቶ «ኧረ ምንም እንከን የለውም» ቢል ዳቦ ተከለከለ፤ ተመልሶ ገብቶ የፍሪጁ እጀታ ላልቷል እስኪል ድረስ ቆሞ ቀረ። የማኅበር ሴቶች አፍረው አፍረው አንደኛዋ የምድጃው ክዳን ይንኮሻኮሻል አለች። ጀላል እየተከተለ ያጠብቃል። እኔ መጋረጃው አጥሯል አልኩ፤ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ከዚያ ጀላል የውሃ ጎማውን ጣሪያው ላይ ሙሉ አንድ ሰዓት ለቀቀው። እትዬ ዓባይነሽ ውስጥ አልጋው ላይ ተኝተው፣ መዳፋቸውን ጥጉ ላይ ጭነው ቆዩ። ሲወጡ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን፤ ደረቅ ነው። ያኔ መረቅን፣ ያኔ ዳቦው ተቆረሰ።

በማግስቱ ጧት ሄዱ። ስምንት ቀን ያህል ከአጭር መልእክት በስተቀር ወሬ አልነበረም። ጀላል በየቀኑ በስልኩ የካንሳስን አየር ያያል። ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ አሳየው፤ እነዚያን ሁለት ቀን ስልኩን ከእጁ አላስቀመጠም።

ዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ምሳ ላይ ሆነን ስልኩ ጮኸ። እትዬ ዓባይነሽ ናቸው። «ጀላል አለ? ስፒከር አድርጊው» አሉኝ። አደረግሁት። ሰላምታ የለ፣ ምስጋና የለ። «አንድ ነውር አለው» አሉ።

ጀላል የያዘውን ጉርሻ መለሰው።

«የሽንት ቤቱ በር ይጮኻል» አሉ እትዬ። «ካንሳስ ላይ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። የቀሰቀሰኝ ወንድሜነህ በሩን ሲከፍተው ነው። ነውሩን ንገሩ ተባብለናል፣ ነገርኩህ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ትናንት ማታ ወለደች። እጄን ይዛ ወለደች። ሴት ናት። ይኼው ደረቴ ላይ ተኝታለች፣ ለዚህ ነው ቀስ ብዬ የማወራው።»

ጀላል ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ማጠፊያው ነው እትዬ፣ ዘይት ጠብ አድርጉበት» ብሎ ስልኩን ሰጠኝና ወጣ። አልሐምዱሊላህ ብዬ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት ብዬ፣ ያልኩትን አላውቀውም፤ ዘግቼ ስወጣ ባዶው ድራይቭዌይ ላይ፣ መሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ያን በር እንዴት ሳልሰማው ቀረሁ?» አለኝ ፊቱን እያበሰ።

ዝም ብል በቻልኩ። «እኔ የዳቦው ዕለት ሰምቼው ነበር» አልኩት። «መጋረጃውን ስላልኩ፣ አንድ ይበቃል ብዬ ነው የተውኩት።»

ዞሮ አየኝ፤ ቆይቶ ሳቁ መጣበት፣ እንባው ሳይደርቅ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ክንዴን ቆነጠጠኝ።